ወደ ፊት የሚሮጥ ተከላካይ

ድራፍት ሲባል ለእኛ ቀድሞ ዓይናችን ላይ የሚመጣው አረፋው ገንፍሎ የሚወርድ ብርጭቆ ነው። በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ዓለም ግን ድራፍት ማለት 32ቱ የኤን.ኤች.ኤል. ክለቦች በየዓመቱ 18 ዓመት የሞላቸውን ወይም ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸውን ልጆች በየተራቸው የሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት ነው። ሰባት ዙር አለው፤ ከ200 በላይ ልጆች ስማቸው ይጠራል። ሁለቱም ድራፍቶች ታዲያ ራስ ምታት አላቸው። ልዩነቱ የአንደኛው በማግስቱ ጧት፣ የሌላኛው ከአምስት ዓመት በኋላ መምጣቱ ነው።

ጊደር ለመግዛት ገበያ የወጣ ሰው ጥርሷን ያያል፣ አቋሟን ያያል፣ ሻጩን የሚያውቀው ከሆነ ስለ እናቷ ይጠይቃል። ገንዘቡን የሚቆጥረው ግን ዛሬ በዓይኑ ለሚያየው ሳይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ ትታለባለች ብሎ ለሚያስበው ወተት ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ለእርሱ ቀልድ አይደለም፤ የዕለት ሥራው ነው። የሆኪ መልማዮችም እንዲሁ ናቸው። የልጁን ቁመት ለክተው ሲያበቁ የአባቱን ቁመት ይጠይቃሉ፤ ጠባዩ እንዴት ነው ይላሉ፤ በረዶ በለበሰ አውራ ጎዳና ላይ መቶና ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተው፣ ከቀዘቀዘ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የ17 ዓመቱ ልጅ የ24 ዓመት ጎልማሳ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት ዓይናቸውን ያጠባሉ።

በረኞችን ወደ ጎን ትተን (በረኛን በ17 ዓመቱ አውቀዋለሁ የሚል ጠንቋይ ብቻ ነው) ከሁሉም አስቸጋሪው ማጥቃት የሚወድ ተከላካይ ነው የሚል እምነት አለኝ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከአንድ ቡድን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰው በረዶው ላይ ይሰለፋል፤ ሦስቱ አጥቂዎች፣ ሁለቱ ተከላካዮች ናቸው። በእግራቸው የብረት ስለት ያለው ጫማ አጥልቀው፣ ጫፉ የታጠፈ ዱላ ይዘው፣ ፓክ የምትባለውን ጥቁርና ጠፍጣፋ የጎማ ክብ ያሳድዳሉ። የእኛን የገና ጨዋታ በበረዶ ላይ አድርጋችሁ አስቡት፤ ሩሯ ጠፍጣፋ ሆና፣ ሜዳው በግድግዳ ታጥሮ። አንድ ተጫዋች ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ይወጣና ሌላው ይተካዋል። ተከላካይ ሥራው በስሙ ተጽፎለታል፤ ይከላከላል። አንዳንዱ ግን ፓኳ ዱላው ላይ ስታርፍ ዓይኑ ወደ ፊት ይሸሻል። ለእግር ኳስ ወዳጅ ሮቤርቶ ካርሎስን ማስታወስ ይበቃል። ልዩነቱ፣ ሮቤርቶ ካርሎስ ወደ ፊት ሲነጉድ ከኋላው ሁለት ሦስት ሰው ይቀር ነበር። የሆኪው ተከላካይ ሲነጉድ ከኋላው የሚቀረው አንድ ጓደኛው ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በረኛው።

ስለዚህ የዚህ ልጅ ኃጢአት በአደባባይ ነው። ፓኳን ተነጥቆ ጎል ሲገባ አዳራሹ ሙሉ ሰው ጥፋተኛውን በጣቱ ይጠቁማል። ወደ ፊት ሳይሄድ፣ ሳይሞክር፣ ፓኳን ከግድግዳ እያላተመ ለተጋጣሚ ሲያስረክብ የሚያመሸውን ተከላካይ ግን ማንም አይወቅሰውም፤ እንዲያውም «የሚታመን ልጅ» ይሉታል።

ይህ ጉዳይ እኔን ምን አገባኝ? ታላቅ እህቴ በካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ፣ ብሩክስ በምትባል ከተማ ትኖራለች። ብሩክስ ከካልጋሪ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሜዳማው የከብት አገር የተቀመጠች፣ 15 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ነች። ትልቅ የከብት ማረጃና የሥጋ ማዘጋጃ ፋብሪካ ስላላት ከሱዳኑም፣ ከሶማሌውም፣ ከፊሊፒኑም፣ ከእኛም አገር የመጣው ሰው ብዙ ነው። እህቴም ለዓመታት እዚያ ቢላዋ ይዛ ቆማለች። በ2017 መጀመሪያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እሷን ለማየት ሄጄ ጥቂት ሳምንታት ሰነበትኩ። ከቤት ውጭ ምራቅ የሚያደርቅ ብርድ ስለነበር፣ እሷ ሥራ ስትገባ እኔና የሰባት ዓመት ልጇ የምንሄድበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የከተማይቱ የሆኪ አዳራሽ።

በዚያ ወቅት ለብሩክስ ቡድን ከሚጫወቱት መካከል ኬል ማካር የሚባል የካልጋሪ ልጅ ነበር። ተከላካይ ነው። እኩዮቹ ከነበሩት አብዛኞቹ ጎበዞች በትልቁ የምዕራብ ካናዳ ጁኒየር ሊግ ሲጫወቱ፣ እርሱ አንድ ደረጃ ዝቅ በሚለው የአልበርታ ሊግ የቆየው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ብሎ ነው፤ ያኔ በትልቁ ሊግ የተጫወተ ልጅ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቡድን መሰለፍ አይፈቀድለትም ነበር። ሰማያዊው መስመር ላይ ፓኳን ይዞ ሲቆም ትከሻው ወደ ግራ ይላል፣ ተጋጣሚው ትከሻውን አምኖ ይከተላል፣ እግሩ ግን በቀኝ በኩል ሄዷል። በ54 ጨዋታ 75 ነጥብ አስመዘገበ። ነጥብ ማለት ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ ነው። የእህቴ ልጅ አፍንጫውን ከመስታወቱ ላይ ለጥፎ ያየ ነበር። እኔ ለብርዱ ብዬ የገባሁበትን አዳራሽ እርሱ እንደ ቤተ ክርስቲያን ያዘው።

ዛሬ ያ ልጅ 16 ዓመት አልፎታል፤ ተከላካይ ነው፤ ወደ ፊት ይሮጣል። አሰልጣኙ «ኋላ ቅር» ይሉታል። እህቴ ደግሞ ጨዋታውን በስልኳ እየቀረጸች በቴሌግራም ትልክልኛለች፤ በቪዲዮው ውስጥ ከልጁ ይልቅ የሚጎላው «ተመለስ! ኧረ ተመለስ!» የሚለው የራሷ ድምፅ ነው። በቅርቡ አንድ የግል የሆኪ ትምህርት ቤት እንቀበለው አለ። ክፍያው ለቤት መግዣ ቀብድ ያጠራቀመችውን አብዛኛውን ይወስዳል። ደወለችና፣ «አንተ የጋዜጠኛ ዲፕሎማ አለህ፣ ታነባለህ፤ ይሄ ልጅ ይሆናል ወይስ አይሆንም? እርግጡን ንገረኝ» አለችኝ። እህቴ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ከጤና እስከ መኪና ጥገና ሁሉን ያስተምራል ብላ ታምናለች። ይሁን እንጂ ጥያቄዋ ከባድ መልማዮች ከነሙሉ ደመወዛቸው የሚሳሳቱበት ጥያቄ ነውና ነገሩን ከሥሩ ለማየት ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚመለከተው ነጥቡን ነው። ራያን መርፊ የሚባል የካናዳ ልጅ ነበር። በኦንታሪዮ ጁኒየር ሊግ ለኪችነር ሲጫወት በ2010-11 ወቅት በ63 ጨዋታ 26 ጎልና በድምሩ 79 ነጥብ አስመዘገበ። ተከላካይ ሆኖ! እግሩ ፈጣን፣ እጁ ለስላሳ ነበር። በ2011 የካሮላይና ክለብ በመጀመሪያው ዙር 12ኛ አድርጎ መረጠው። በኤን.ኤች.ኤል. የተጫወተው ግን ከ200 ያነሰ ጨዋታ ነው። ይህ ለተራ ሰው ትልቅ ዕድል ነው፤ ለ79ኙ ነጥብ ግን አነሰ።

ምን ጎደለው ብሎ አንዱን ልጅ መርምሮ መጨረስ ከእኔ አይጠበቅም። በጠቅላላው ግን ነጥብ የሚያታልልባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። አንደኛው የቁጥር ብልጫ ነው። በሆኪ ያጠፋ ተጫዋች ሁለት ደቂቃ ይወጣል፤ ቡድኑ በአራት ሰው ይከላከላል። በዚህ ጊዜ ጎበዙ ተከላካይ ከሰማያዊው መስመር ላይ ቆሞ እንደ ቡና ቤት አስተናጋጅ ለግራም ለቀኝም ያድላል። ሰፊ ቦታ፣ በቂ ጊዜ አለው። በዚያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የተሰበሰበ ነጥብና አምስት ለአምስት ሲተናነቁ የተገኘ ነጥብ በመዝገቡ ላይ እኩል ነው፤ ለነገ ሲሆን ግን እኩል አይደለም። ምክንያቱም እያንዳንዱ ክለብ በቁጥር ብልጫ ጊዜ ዋናውን ቡድን የሚያሰልፈው ብዙውን ጊዜ አራት አጥቂና አንድ ተከላካይ አድርጎ ነው። 32 ክለብ፣ 32 ወንበር። በጁኒየር ሊግ ያን ወንበር የያዘ ልጅ ሁሉ እዚያ ሲደርስ አይገኝለትም። ካልተገኘለት ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ክለቡ ከስድስቱ ተከላካዮች ለመጨረሻው ቦታ የሚፈልገው ጸጥ ብሎ የሚጠብቅ፣ በቅጣት ጊዜ ሰውነቱን ለፓኳ የሚሰጥ ሰው ነው። ሰባ በመቶ ሮቤርቶ ካርሎስ የሆነ ሰው ቦታ የለውም። ሰባ በመቶ ጠንካራ ዘበኛ የሆነ ሰው ግን አሥር ዓመት ደመወዝ ይበላል። በእኔ ግምት ይህ የገበያው ቅርጽ ከብዙ የልጅነት ጉድለቶች ይልቅ ብዙ ልጆችን ጥሏል።

ሁለተኛው «ከማን ጋር ሲጫወት?» የሚለው ነው። የማካር 75 ነጥብ ያስቸገረው በዚህ ነበር። ዝቅ ባለ ሊግ ውስጥ ያበራ ልጅ ብርሃኑ የራሱ ነው ወይስ የአካባቢው ጨለማ? ኮሎራዶ በ2017 ድራፍት 4ኛ አድርጎ ወሰደው። ማካር ሁለት ዓመት በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ በ2019 የዩኒቨርሲቲዎችን የኮከብ ተጫዋች ሽልማት አገኘ፤ በዚያው ሚያዝያ በኤን.ኤች.ኤል. የመጀመሪያ ጨዋታው ጎል አገባ፤ በ2022 የስታንሊን ዋንጫ፣ የኖሪስን ሽልማትና የፍጻሜ ውድድሩን ኮከብነት በአንድ ወቅት ጠቅልሎ ወሰደ። ኖሪስ በየዓመቱ ለምርጡ ተከላካይ የሚሰጥ ነው። አሁን ሁሉም አውቄ ነበር ይላል። እኔም እዚያው አዳራሽ ነበርኩ፤ ያየሁት ትከሻውንና እግሩን ነው፤ ኖሪስ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር።

እስቲ የኖሪስን ተሸላሚዎች ደርድረን እንያቸው። የ2020 ሮማን ዮሲ፤ በ2008 38ኛ ተመረጠ። የ2021 አዳም ፎክስ፤ በ2016 66ኛ፣ ሦስተኛ ዙር። የ2022 ማካር፣ 4ኛ። የ2023 ኤሪክ ካርልሰን፣ 15ኛ። የ2024 ኩዊን ሂዩዝ፣ 7ኛ። የ2025 እንደገና ማካር። ሁሉም ወደ ፊት ሮጪዎች ናቸው፤ አንዳቸውም አንደኛ ሆነው አልተመረጡም። ወደ ኋላ ሄደን ኒክላስ ሊድስትረምን ብናነሳ፣ ሰባት ጊዜ ኖሪስን የወሰደው ስዊድናዊ በ1989 53ኛ ሆኖ የተመረጠ ነው።

የካርልሰን ነገር በተለይ ይገርመኛል። በ2008 ከእርሱ በፊት ስድስት ተከላካዮች ተመረጡ። ከስድስቱ ውስጥ ድሩ ዳውቲና አሌክስ ፒትራንጀሎ በእርግጥ ታላላቅ ሆነዋል፤ ስለዚህ መልማዮቹ ዓይን የላቸውም ማለት አይቻልም። ግን 13ኛ የተጠራው ግዙፍና ኃይለኛ ተከላካይ በኤን.ኤች.ኤል. የተጫወተው 24 ጨዋታ ብቻ ሲሆን፣ ሁለት ስም ቆይቶ የተጠራው ቀጭኑ ካርልሰን ከ1,000 በላይ ተጫውቶ በ2022-23 101 ነጥብ ያስመዘገበ ሰው ነው። የዚያን ዕለት የሁለቱ ልጆች ልዩነት በዓይን የሚታይ ነበር፤ አንዱ የጠረጴዛ ያህል ይሰፋል፣ ሌላው የጃንጥላ እጀታ ነው። ሚዛን ላይ የሚወጣው ነገር ይታያል። ጭንቅላት ውስጥ ያለው ሚዛን ላይ አይወጣም።

ስለ ቁመት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሊጉ በ2004-05 ውድድሩ በሥራ ማቆም ተሰርዞ ሲመለስ ሕጉን አሻሽሎ መያዝና መጎተትን ክፉኛ መቅጣት ጀመረ፤ ረጅም ማቀበልንም ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የሚያመልጥን ትንሽ ሰው በዱላ ጠልፎ ማስቀረት ያስከፍላል። ሂዩዝም ሆነ ፎክስ በዚህ በር የገቡ ናቸው። ሌን ሃትሰን በጣም ትንሽ ነው ተብሎ በ2022 እስከ 62ኛ ተንከባለለ፤ ሞንትሪያል አነሳችው፤ በ2024-25 የመጀመሪያ ሙሉ ወቅቱ 60 ጊዜ ለጎል አቀብሎ በጠቅላላው 66 ነጥብ አስመዘገበና የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ።

ዕድሜ ግን ከቁመት የበለጠ ይሸውዳል። ለድራፍት የሚቆረጠው ቀን መስከረም 15 ነው። መስከረም 14 የተወለደ ልጅ ገና በ17 ዓመት ከዘጠኝ ወሩ ሲመረጥ፣ መስከረም 16 የተወለደው አንድ ሙሉ ዓመት ቆይቶ በ18 ዓመት ከዘጠኝ ወሩ ይመረጣል። በዚያ ዕድሜ አንድ ዓመት ማለት አሥር ኪሎ ጡንቻ ማለት ሊሆን ይችላል። ማካርና ሂዩዝ ሁለቱም የጥቅምት ልጆች ናቸው፤ በየድራፍታቸው ከትልልቆቹ መካከል ነበሩ። ስለዚህ «ማካርን እዩት» ብሎ ለሚያጽናናኝ ሰው፣ ማካር ሲመረጥ ከሌሎች እኩዮቹ አንድ ወቅት ተጨማሪ ተጫውቶ እንደነበር ማስታወስ ግዴታዬ ነው። የታዳጊዎች ቡድን ደግሞ የሚከፋፈለው በጥር 1 ስለሆነ፣ ካናዳ ውስጥ በጥርና በየካቲት የተወለዱ ልጆች በየቡድኑ እንደሚበዙ ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቹ በ1985 ጽፈዋል። የእህቴ ልጅ የተወለደው በነሐሴ ነው። ያም ማለት በየክፍሉ ሁልጊዜ ከትንንሾቹ አንዱ ሆኖ ነው ያደገው፤ ለድራፍትም የሚቀርበው ከልጅ እግሮቹ ጋር ነው።

አሰልጣኙ የሚያነሱት ሌላ ቁጥር ደግሞ አለ፤ እርሱ በሜዳ ላይ ሳለ ቡድኑ ካገባው ላይ የገባበት የሚቀነስበት። ኤን.ኤች.ኤል. ይህን ከ1967-68 ጀምሮ በይፋ ይመዘግባል። የእህቴ ልጅ ቁጥር ዜሮ በታች ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር በረኛው ተኝቶ እንደነበር፣ አብሮት የተሰለፈው ማን እንደሆነ አይናገርም። በአንድ ደካማ ቡድን ውስጥ ብዙ ደቂቃ የሚጫወተው ጎበዙ ልጅ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚገባበትም እርሱ ነው። ይህን ቁጥር ብቻ ይዞ ልጅን መኮነን፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጃንጥላ የያዘውን ሰው እንደ መክሰስ ነው።

ታዲያ ምን ይታይ? ለሳምንታት አሮጌና አዲስ ጨዋታዎችን እያየሁ፣ መልማዮች በየጊዜው የተናገሩትንና የጻፉትን ሳነብ፣ ዓይኔ ቀስ በቀስ ከተጋጣሚው ጎል ወደ ራሱ ጎል ኋላ ዞረ። የአጥቂ ተከላካይ ጨዋታ የሚጀምረው እዚያ ነው። ተጋጣሚ ፓኳን ወደ ጥግ ይወረውርና ሁለት ጎረምሶች ሊደፈጥጡት ይሮጣሉ። ተከላካዩ ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባውን ለጎረምሶቹ ሰጥቶ ፓኳን ለማንሳት ይሄዳል። በዚያች ሁለት ሦስት ሰኮንድ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታያል። ጎበዙ ፓኳ ጋ ሳይደርስ በትከሻው ላይ ዞሮ ወደ ኋላው ያያል፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴ ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው ማን እንደሚመጣ፣ ሁለተኛው የራሱ ሰው የት እንደቆመ ለማወቅ ነው። ፓኳን ሲነካ ውሳኔው አልቋል። ያላየው ልጅ ግን ፓኳን ካነሳ በኋላ ማሰብ ይጀምራል፤ ሲያስብ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ከታች ባለው ሊግ ፈጣን እግር ይህን ጉድለት ይሸፍነዋል፤ ዘግይቶ አይቶም ያመልጣል። ከላይ ግን ሁሉም ፈጣን ነው። ሊድስትረም በቁመቱም በግጭቱም የሚያስፈራ ሰው አልነበረም፤ ግን ሲገጩት ማየት ብርቅ ነበር፤ የሚገጩት ሰዎች ሲደርሱ እርሱም ፓኳም እዚያ የሉም።

ከዚያ ቀጥሎ ስህተቱ ራሱ ይመረመር። ስህተት ሁሉ አንድ አይደለም። ልጁ በሁለት ተጋጣሚዎች መካከል ያለችውን ቀዳዳ አይቶ፣ ጓደኛው ወዴት እንደሚሮጥ አውቆ፣ እጁ ግን ፓኳን አንድ ክንድ ወደ ኋላ ከጣላት፣ ይህ የእጅ ስህተት ነው፤ እጅ ይሠለጥናል። ቀዳዳ በሌለበት ሦስት ሰው መሐል ጭልጥ ብሎ ገብቶ ከተነጠቀ ግን የዓይን ስህተት ነው። ዓይን በ17 ዓመት ይሠለጥናል ወይ ብትሉኝ፣ ጥቂት፤ እንደ እጅና እንደ እግር ግን አይደለም። ሁለቱም ስህተት በመዝገብ ላይ አንድ ነው፤ ሁለቱም ጎል ሆነው ይገባሉ፤ አዳራሹም በሁለቱም እኩል ይጮኻል። በስታቲስቲክስ የሚኮራው ዘመናችን ለዚህ ልዩነት እስከ ዛሬ ምቹ ዓምድ አላገኘም፤ ለዚህም ነው መልማይ የሚባል ሰው አሁንም በበረዶ ላይ የሚነዳው።

አንድ አሰልጣኝ እዚህ ላይ ምን ያህል ሊያለማ ወይም ሊያጠፋ እንደሚችል ለማየት ወደ ቦቢ ኦር መሄድ ነው። ኦር በኦንታሪዮ ፓሪ ሳውንድ በምትባል ትንሽ ከተማ በ1948 ተወለደ። ፈጣን ስለነበረ አባቱ አጥቂ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። የልጆቹ አሰልጣኝ ባኮ ማክዶናልድ፣ ራሳቸው የቀድሞ የኤን.ኤች.ኤል. ተከላካይ፣ የለም ብለው ተከላካይ አደረጉት። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው፤ ተከላካይ አድርገውት ሲያበቁ ሩጫውን አልከለከሉትም። ያኔ ተከላካይ ሰማያዊውን መስመር አልፎ መሄድ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን ልጁን እንደ ተፈጥሮው ለቀቁት። የቦስተን ሰዎች ሌሎች ሁለት ልጆችን ለማየት በሄዱበት ውድድር ላይ ኦርን አይተው ቀሩ፤ በ1962፣ በ14 ዓመቱ፣ አስፈረሙት። ያኔ ድራፍት የሚባል ነገር ገና አልነበረም፤ የመጀመሪያው በ1963 ነው። በ1969-70 ኦር 120 ነጥብ አስመዝግቦ ሊጉን ሁሉ መራ፤ በ1974-75 ደገመው። ከእርሱ በፊትም ሆነ በኋላ ሊጉን በነጥብ የመራ ሌላ ተከላካይ የለም። በጉልበቱ ሕመም ምክንያት በ1978፣ በ30 ዓመቱ አቆመ። ኖሪስን በተከታታይ ስምንት ጊዜ ወስዷል። ባኮ ማክዶናልድ «ኋላ ቅር» ቢሉት ኖሮ ምናልባት ፓሪ ሳውንድ አንድ የሚታመን ልጅ ይኖራት ነበር።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ እህቴ ቪዲዮዎች ተመለስኩ። ጎል ያገባበትን መላክ አቁሚ አልኳት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ፓኳን ሊያነሳ ሲሄድ ቅረጪልኝ። «ጀርባውን ነው የምቀርጸው?» አለች። ጀርባውን። ሦስት ጨዋታ ላከችልኝ። በማስታወሻ ደብተር ላይ መስመር እየጫርኩ ቆጠርኩ። ፓኳን ለማንሳት 31 ጊዜ ሄዷል፤ 22 ጊዜ ሳይደርስ ዞሮ አይቷል። ይህ መልካም ነው። ሁለት ጊዜ የተመለከተው ግን አራት ጊዜ ብቻ ነው። ከተነጠቀባቸው ውስጥ አብዛኞቹን መልሼ መላልሼ ሳያቸው የእጅ ስህተቶች ናቸው ብዬ ፈረድኩ፤ ቀዳዳዋ ነበረች። ሌላም ያየሁት ነገር አለ። በሁለተኛው ጨዋታ ተነጥቆ ጎል ገባ፤ አሰልጣኙ ለረጅም ጊዜ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ሲመለስ ለቀረው ጊዜ በሙሉ ፓኳን ባገኘ ቁጥር ከግድግዳው እያላተመ አስረከበ። አንድም ስህተት አልሠራም። በቪዲዮው ላይ እህቴ «ጎሽ! እንዲህ ነው!» ትላለች። ያን ሃያ ደቂቃ ማየት ከስህተቶቹ ሁሉ የበለጠ ከበደኝ።

ደወልኩላት። ልጁ ዓይን አለው አልኳት፤ እግሩም ደህና ነው፤ ኤን.ኤች.ኤል. ይደርሳል ወይ ካልሽኝ ግን ከዚህ ሆኖ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ቁጥሩን ብቻ ካየሽ አይደርስም። «ገንዘቡስ?» አለች። እዚህ ላይ የፎክስ ሦስተኛ ዙርና የማካር የብሩክስ አዳራሽ ረዱኝ። እንዲህ ያለ ተከላካይ ዘግይቶ ነው የሚበስለው፤ በሩ በ16 ዓመት አይዘጋም። ደግሞም ከነሐሴ 2025 ጀምሮ በትልቁ ጁኒየር ሊግ የተጫወተም ልጅ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መጫወት ተፈቅዶለታል፤ ማካር ይመርጥ የነበረውን ምርጫ እርሱ አይመርጥም፤ ሁለቱም መንገድ ወደ ትምህርት ቤት ይወስዳሉ። ስለዚህ ቤቱን ግዢ። ከሚተርፈው ላይ በበጋ የስኬት አሠልጣኝ ቅጠሪለት፤ አሰልጣኙን ደግሞ አነጋግሪያቸው፤ በስህተቱ ይቅጡት፣ ግን የትኛው ስህተት እንደሆነ ለይተው። ባይሆን ቡድን ይቀይር። አንቺም «ተመለስ» ማለትሽን ተዪ።

«እኔ እናቱ ነኝ» አለችኝ። «አንተ ስትቆጥር እኔ ስጮህ እንደቆየሁ ታውቃለህ?»

የቤቱን ቀብድ ባለፈው ወር ከፈለች። ልጁ በእኔ ምክር መሆኑን ሰምቷል። ስደውል ስልኩን ለእናቱ ያቀብላል።